ዴንዘል ጁሊያን ለምን አልሳማትም?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ነጭ አሜሪካዊት ናት። ቅዳሜ ማታ በ1993 የወጣውን ‹ዘ ፔሊካን ብሪፍ› አየን። ዴንዘል ዋሽንግተንና ጁሊያ ሮበርትስ ፊልሙን ሙሉ አብረው ከሞት ሲያመልጡ ቆይተው መጨረሻ ላይ እንደ አክስት ልጅ ተሰነባበቱ። ባለቤቴ ‹ወንዱ ጥቁር ሴቷ ነጭ ስትሆን ሁሌ እንደዚህ ነው፤ ወንዱ ነጭ ሴቷ ጥቁር ብትሆን አልጋ ድረስ ያሳዩን ነበር› አለች። እኔ አጋጣሚ ነው፣ አታካብጂ አልኳት። ማን ልክ ነው? ሁለታችንም ሳንናደድ የምናየው ፊልም ካለም ጠቁመን።»

ወንድሜ፣ ባለቤትህ ልክ ናት። አጋጣሚ አይደለም። ለማስረጃ የጠራችው ፊልም ግን ከሁሉም አወዛጋቢው ስለሆነ እሱን ወደ በኋላ ላቆየው። ሥራዬ የፊልም ታሪክ ማስተማር ነውና መልሱ ሊረዝም ነው፤ ታገሠኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በጽሑፍ የተቀመጠ ክልከላ ነበር። ሳንሱር ሲባል እኛ ቶሎ ፊታችን ላይ የሚመጣው ቀይ እስክሪብቶ የያዘ የመንግሥት ሹም ነው። ሆሊውድ ውስጥ ግን ሳንሱሩን በራሳቸው ላይ ያመጡት ስቱዲዮዎቹ ናቸው። መንግሥት እጁን ሳያስገባ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ምእመኖቿን ሲኒማ ቤት አትድረሱ ሳትል፣ እኛው ራሳችንን እንቆጣጠር ብለው በ1930 ደንብ አወጡ። ሄይስ ኮድ ይባላል። መጀመሪያ ላይ ብዙም ከቁብ የቆጠረው አልነበረም። በ1934 ጆሴፍ ብሪን የሚባል ሰው ቢሮውን ሲይዝ ግን ነገሩ መረረ፤ የእነሱን ማኅተም ያላገኘ ፊልም ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አያስገቡትም። ከክልከላዎቹ አንዱ በነጭና በጥቁር ዘር መካከል የሚደረግ የፆታ ግንኙነት ነው፤ በግልጽ ተጽፏል። ይሄ ክልከላ የተነሳው በ1956 መጨረሻ ነው። ወርቃማው ዘመን እያልን የምናሞግሰው የሆሊውድ ዘመን በአብዛኛው በዚህ ደንብ ሥር ነው ያለፈው።

ደንቡን ለማለፍ የተፈጠሩት ዘዴዎች አንዳንዶቹ ያስቃሉ። በ1949 የወጣው «ፒንኪ» ነጭ የምትመስል ጥቁር ነርስ ከነጭ ሐኪም ጋር ስለያዛት ፍቅር ነው። ነርሷን ማን ተጫወተቻት? ጂን ክሬን፤ ነጭ ናት። ታሪኩ ስለ ጥቁርና ነጭ ፍቅር ያወራል፣ ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ግን ሁለት ነጮች ናቸው። ሁሉም ሰላም!

ደንቡ በስም የሚጠራው ጥቁርና ነጭን ቢሆንም ለእስያውያንም ተርፏል። በ1937 በ«ዘ ጉድ ኧርዝ» የቻይና ገበሬውን ፖል ሙኒ እንዲጫወት ተመረጠ። ባል የሚሆነው ሰው ነጭ ከሆነ ሚስት የምትሆነውም ነጭ ሆነች። የዘመኑ ትልቋ ቻይናዊት አሜሪካዊት ኮከብ አና ሜይ ዎንግ ያንን ሚና አጥብቃ ትፈልገው ነበር። የተሰጠው ለሉዊዝ ራይነር ነው፤ ኦስካርም ወሰደችበት። ለዎንግ የቀረበላት ቤት የምታፈርሰዋ ቅምጥ ሚና ነው። አልፈልግም አለች። ደግ አደረገች።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል ክልክል ነው። ባለቤትህ ያየችው ግን ወረቀቱን አይደለም፤ ከወረቀቱ ሥር ያለውን ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው።

በባርነት ዘመን ነጭ ጌታ ከጥቁር ሴት መውለዱ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያወራው ነገር ነበር። ሴትየዋ እንቢ የማለት መብት የላትም። ልጁም የእናቱን ዕጣ ይዞ ባሪያ ሆኖ ይቀራል። ጌትየው ንብረት ጨመረ እንጂ ምን ጎደለበት? ነጭ ሴት ጥቁር ወንድ ወዳ መረጠች ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያንን አምኖ መቀበል ሥርዓቱ የቆመበትን ጠቅላላ ተረት ያፈርሳል። ስለዚህ ስሙ ፍቅር እንዳይሆን ተደረገ፤ ጥቃት ተባለ። ፊልም ይሄን ገና ዳዴ ሲል ነው የተማረው። በ1915 በወጣው «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ፊቱን ጥቁር የተቀባ ነጭ ተዋናይ ልጃገረዷን ጫካ ለጫካ ያሳድዳታል። እሷ ከገደል ትዘላለች፤ ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ደሟን ይመልሳል። ፊልሙ ኋይት ሐውስ ውስጥ ታይቷል። በዚያው ዓመት ክላኑ እንደ አዲስ ተቋቋመ። 40 ዓመት ቆይቶ፣ በ1955፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ኤመት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ነጭ ሴት ላይ አፏጨ ተብሎ በጭካኔ ተገደለ። የሆሊውድ አለቆች ጥቁር ወንድ ነጭ ሴት ሲስም ላሳይ ወይስ ይቅር ብለው ሲያመነቱ ይሄ ሁሉ ከኋላቸው ነበር።

አሁን አንድ ፊልም ላይ ቆየት ልበል፤ ሁለቱን ሚዛኖች ጎን ለጎን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ የለም። «አይላንድ ኢን ዘ ሰን» ይባላል። የወጣው በ1957 ነው፣ ክልከላው በተነሳ በወራት ውስጥ። ካሪቢያን ላይ ባለ አንድ ደሴት የሚካሄድ ታሪክ ነው። ውስጡ ሁለት ጥንዶች አሉ። ዶሮቲ ዳንድሪጅ ጥቁር ናት፤ የምትወደው ጆን ጀስቲን ነጭ እንግሊዛዊ ነው። ሃሪ ቤላፎንቴ ጥቁር ነው፤ የምትወደው ጆአን ፎንቴይን ነጭ ናት። አንድ ፊልም፣ አንድ ዳይሬክተር፣ አንድ ደሴት። ዳንድሪጅና ጀስቲን አብረው ይደንሳሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ በመጨረሻም ተያይዘው ወደ እንግሊዝ ይሄዳሉ። ቤላፎንቴና ፎንቴይንስ? ያወራሉ። ባሕሩን ያያሉ። ከአንድ ኮኮናት ተራ በተራ ይጠጣሉ፤ ከንፈራቸው የሚገናኘው በኮኮናቱ በኩል ብቻ ነው። ከዚያ እሱ ራሱ አይሆንም ብሎ ጥሏት ይሄዳል። ምክንያቱ ኩሩ ስለሆነና ትግሉ ስለሚበልጥበት ነው ይሉናል። አየህ ብልጠቱን? ክልከላውን ከስቱዲዮው አንስተው ለጥቁሩ ሰው አሸከሙት። ነጩ ጀንትልማን ጥቁሯን ይዞ ሲሄድ ግን የሚያስጨንቀው ትግልም ክብርም አልተገኘም።

እንዲያም ሆኖ አላመለጡም። ፎንቴይን የስድብና የዛቻ ደብዳቤ ጎረፈላት። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ፊልሙን ያሳየ ሲኒማ ቤት 5,000 ዶላር ይቀጣ የሚል ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ቤላፎንቴና ፎንቴይን አንዴ እንኳ ላልተሳሳሙበት ፊልም!

በዚያው ዓመት በወጣው «ሳዮናራ»ም ያው ነው። ማርሎን ብራንዶ ጃፓናዊቷን ያገኛታል። ታሪኩ ውስጥ ያለው ጃፓናዊ ወንድ ከነጭ ሴት ጋር ያለው ነገር ግን ጨዋ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ያንን ጃፓናዊ የተጫወተው ደግሞ ሜክሲኳዊው ሪካርዶ ሞንታልባን ነው። ይሄን እንለፈው።

ከዚያ የመጣው ዘመን ክልከላውን በዋጋ ቀየረው። ጥቁር ወንድ ነጭ ሴት ማፍቀር ይችላል፣ ግን ይክፈል። ክፍያው ምን እንደሆነ ለማየት በ1967 መጨረሻ የወጣውን «ገስ ሁዝ ካሚንግ ቱ ዲነር» ተመልከት። ሲድኒ ፖይቲየር የነጭ ቤተሰብ ልጅ ሊያገባ ለእራት ይመጣል። ሰውየው ምን ዓይነት አማች እንደሆነ ስማ። በዓለም የታወቀ ሐኪም ነው። ሚስቱ ሞታበታለች እንጂ አልፈታም። ልጅቷን አልጋ ላይ አልነካትም። ይባስ ብሎ ወላጆቿ ሙሉ በሙሉ ካልፈቀዱ እንደማያገባት ከጀርባዋ ይነግራቸዋል። እሷ ይሄን አታውቅም። በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ የሚሳሳሙት አንዴ ነው፤ እሱንም የምናየው በታክሲ ነጂው መስታወት ነው። ልጅቷስ? 23 ዓመቷ ነው፣ ደስተኛ ናት፣ አለቀ። ከእሷ ማንም ምንም አልጠየቀም። የጨዋታው ሁለት ሚዛን እዚህ ላይ ነው፤ እሱ እንደ ሰው እንዲቆጠር ቅዱስ መሆን ነበረበት። አንድ ተራ ጥቁር አካውንታንት ቢመጣ ያ ቤተሰብ ምን ይል ነበር የሚለውን ፊልሙ ለመጠየቅ አልደፈረም። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ክሬመር ሆን ብዬ ነው፣ ከቆዳው ቀለም ሌላ የሚያጣጥሉበት ሰበብ እንዳይኖራቸው ነው የሚል ሙግት ነበረው። እንደ ሙግት አይጣልም። እንደ ፊልም ግን ፖይቲየርን እንጨት አድርጎታል፤ እሱን ተዋናይ እንጨት ማድረግ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም።

ፊልሙን ቀርጸው ሲጨርሱ የጥቁርና የነጭ ጋብቻ በ16 ወይም በ17 ግዛቶች ሕገ ወጥ ነበር። የሐኪሙ አባት ይሄንኑ እዚያው ፊልም ውስጥ ያነሳዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላቪንግ በተባሉ ባልና ሚስት ጉዳይ ክልከላውን ያፈረሰው ጁን 12 ቀን 1967 ነው። የልጅቷን አባት የተጫወተው ስፔንሰር ትሬሲ ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ ሞቷል።

የጽሑፍ ክልከላ በሌለበት ጊዜስ ሚዛኑን ማን ያዘው? ገበያ ነው መልሱ። በ2005 «ሂች» ሲወጣ ዊል ስሚዝ ራሱ አፍረጥርጦታል። ሁለቱም መሪ ተዋንያን ጥቁር ከሆኑ ፊልሙ ውጭ ሀገር አይሸጥም የሚል ተረት አለ፣ ሴቷ ነጭ ከሆነች ደግሞ ዓለም ላይ ችግር የለውም፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ጣጣ አለው፤ ሐሳቡ ይሄ ነበር። ወላጆቿ ኩባውያን የሆኑት ኢቫ ሜንዴስ መሀል ሰፋሪ ሆና ተገኘች። እስቲ አስበው፤ የፍቅር ኮሜዲ ላይ ልጅቷ የምትመረጠው ማን ከማን ጋር ያምራል ተብሎ ሳይሆን የትኛው ሀገር ተመልካች ይቆጣል ተብሎ ነው። በ2000 በወጣው «ሮሚዮ መስት ዳይ» ደግሞ ጄት ሊና አሊያህ የሚሳሳሙበት ትዕይንት ተቀርጾ ነበር። ለሙከራ ሲያሳዩት ተመልካቹ አልወደደውም ተብሎ በእቅፍ ተተካ። ስሙ ሮሚዮ ሆኖ ጁልየትን ሳይስም ያለቀ ፊልም ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ጋ ሴቷ ጥቁር ናት፤ ችግሩ ወንዱ እስያዊ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሕጉን ስትጨምቀው «ጥቁርና ነጭ» ሳይሆን «ወንዱ ነጭ ነው ወይስ አይደለም» ነው የሚሆነው።

ግን «ለነጭ ወንድና ለጥቁር ሴት ተፈቅዶላቸዋል» ስንል ሴቷ ተጠቀመች ማለት እንዳይመስልህ። በ2001 የወጣውን «ሞንስተርስ ቦል» ውሰድ። ሃሊ ቤሪ በዚህ ፊልም በምርጥ መሪ ተዋናይት ዘርፍ ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ገጸ ባሕሪዋ ባሏ በሞት የተቀጣባት፣ ልጇም የሞተባት፣ ከቤቷ የምትባረር ሴት ናት። የምትወድቀው በማን እቅፍ ነው? ባሏን ከገደሉት የወህኒ ጠባቂዎች በአንዱ። የአልጋው ትዕይንት ረጅምና ምንም የማይደብቅ ነው። አንጀላ ባሴት ሚናው ቀርቦላት እንዳልተቀበለችው፣ ምክንያቷም ስለ ጥቁር ሴቶች አካል ያለው የቆየ አመለካከት እንደሆነ ከጊዜ በኋላ ተናግራለች። ቤሪ ጥሩ አልተወነችም አልልም፤ አንጀት ትበላለች። ግን አየህ፣ አንደኛው ጥንድ የሚሳሳመው በታክሲ መስታወት ነው፣ ሌላኛው ላይ ካሜራው መኝታ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። የሚከበረውም የሚራቆተውም ወንዱ ማን እንደሆነ ታይቶ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ «ፔሊካን ብሪፍ»።

ለባለቤትህ የሚመሰክር ብዙ አለ። ጆን ግሪሻም መጽሐፍ ላይ ጋዜጠኛውና የሕግ ተማሪዋ ፍቅር ይጀምራሉ፤ ፊልሙ ላይ ጠፋ። «ፍቅረኛዋ ገና መሞቱ ነው፣ ኀዘን ላይ ናት» የሚል መከራከሪያ ሰምቻለሁ። መጽሐፉም ላይ ሞቷል፣ ምንም አላገዳቸውም። ደግሞ ያ የሞተው ፍቅረኛ ነጭ መምህሯ ነው፤ ከእሱ ጋር ፍቅረኛ መሆናቸውን ፊልሙ ለማሳየት አላፈረም። ከዚህ ሁሉ የምወደው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1992፣ ያው ስቱዲዮ ዋርነር ብራዘርስ «ዘ ቦዲጋርድ»ን አውጥቷል። ኬቪን ኮስትነርና ዊትኒ ሂውስተን። እነሱም በአደጋ ነው የተገናኙት፣ እነሱም በመጨረሻ ይለያያሉ። ግን አብረው ያድራሉ፣ ስንብት ላይም አውሮፕላኑን አስቁማ ሮጣ ወርዳ ትስመዋለች፤ ካሜራው ዙሪያቸውን እየዞረ፣ ዘፈኑ እየተለቀቀ። የቀለም ነገር አንዴም አይነሳም። ዴንዘልና ጁሊያን አጠገቡ አስቀምጠህ እይ።

አወዛጋቢው ነገር ይሄን ተከትሎ ይመጣል። ጁሊያ ሮበርትስ እሷ መሳሙን ትፈልግ እንደነበር፣ ይቅር ያለው ዴንዘል እንደሆነ በኋላ ተናግራለች። እሱም የሰጠው ምክንያት ነበር፤ ጥቁር ሴቶች ከድሮ ጀምሮ የእሱ ዋና ተመልካቾች ናቸው፣ ፊልም ላይ ደግሞ የምትፈለግ ተደርጋ የምትታይ ጥቁር ሴት እምብዛም የለችም። ይሄን እንዴት እንየው? እኔ ዴንዘልን አልፈርድበትም። ትልልቆቹ ፊልሞች ለጥቁር ሴት የፍቅር ታሪክ ነፍገዋት፣ ያለውን አንድ ኮከብ ደግሞ ወስደው ከነጭ ኮከብ ጋር ሲያጣምሩት ሲኒማ ቤት የተቀመጠችው ጥቁር ሴት የሚሰማት ነገር ምቀኝነት አይደለም። ባለቤትህ «ነጮቹ አለቆች ከለከሉ» ብላ ከሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ትስታለች። ቢስማት ኖሮ ግን ስቱዲዮው እንዴት ይቀርጸው ነበር የሚለው እንዳለ ነው። እጥረቱን የፈጠረው ማን እንደሆነም ግልጽ ነው።

አስገራሚው ነገር ኑሮው ከፊልሙ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ባወጣው ቁጥር በ2015 አሜሪካ ውስጥ አዲስ ካገቡ ጥቁር ወንዶች 24 በመቶው ከሌላ ዘር ነው ያገቡት፤ ከሴቶቹ ግን 12 በመቶ ብቻ። እናንተ የምትመስሉት ጥንድ ጎረቤት ውስጥ የሚበዛው፣ ስክሪን ላይ የሚሸሸገው ነው። እስያውያን ዘንድ ደግሞ ይገለበጣል፣ ሴቶቹ 36፣ ወንዶቹ 21 በመቶ። ጋለፕ የጥቁርና የነጭ ጋብቻን ትደግፋላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ በ1958 አዎ ያለው 4 በመቶ ነው፤ በ2021 94 በመቶ። ተመልካቹ ይቆጣል የሚለው ሰበብ አርጅቷል።

ዛሬ ነገሩ ላልቷል፣ በተለይ በተከታታይ ድራማ። ግን ልብ ብለህ ስታይ አሁንም የጥቁር ወንድና የነጭ ሴት ፍቅር ዋና ታሪክ ከሚሆን ይልቅ ጎን ላይ ያለ ማስጌጫ ይሆናል፣ ወይም ስለ ችግሩ ብቻ ያወራል። በ2017 «ጌት አውት» ይሄን ሁሉ ጨዋታ አውቆ ነው የገለበጠው፤ የነጭ ቤተሰብ ቤት በእንግድነት የሄደው ጥቁር ልጅ ራሱ ነው አደጋ ላይ ያለው። ጆርዳን ፒል ለስክሪፕቱ ኦስካር ወስዶበታል። በጣም አሪፍ ፊልም ነው፤ ለባልና ሚስት የቅዳሜ ምሽት ግን አልመክረውም፣ በተለይ አማቶችህ እሑድ ምሳ ከጠሩህ።

ለጥያቄህ ሁለተኛ ክፍል ሦስት ፊልም ልስጥህ።

አንደኛ፣ «ላቪንግ»፣ 2016። ፍርድ ቤት ሄደው ሕጉን ያስፈረሱት የሪቻርድና የሚልድሬድ ላቪንግ ታሪክ ነው። ሚልድሬድን የተጫወተችው ሩት ነጋ አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፤ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አይሪሽ። በዚህ ሚና ለኦስካር ታጭታለች። እዚህም ወንዱ ነጭ ነው፣ እውነት። ግን ካሜራው ሴትየዋን አያራቁታትም። ሰሃን ታጥባለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ ልጅ ትይዛለች፤ ፍቅራቸውን እዚያ ውስጥ ታየዋለህ። ጩኸት የለውም፣ ቀስ ያለ ነው፣ እንቅልፍ እየመጣብህ እንዳትጀምረው።

ሁለተኛ፣ «ኤ ዩናይትድ ኪንግደም»፣ ያው 2016። የቦትስዋናው ሴሬትሴ ካማ በ1948 ለንደን ላይ እንግሊዛዊቷን ሩት ዊሊያምስን ሲያገባ የእንግሊዝ መንግሥት ከሀገሩ እንዳይገባ አገደው፤ በ1966 ነፃ ሀገር ሲሆኑ ፕሬዝዳንት ሆነ። ዳይሬክተሯ አማ አሳንቴ ጥቁር ሴት ናት። ዴቪድ ኦየሎዎና ሮዛመንድ ፓይክ እንደማንኛውም አዲስ ተጋቢ ሲሳሳሙ፣ ሲኮራረፉና ሲናፈቁ ታያለህ። ፊልሙ አንዳንድ ቦታ ቸኩሎ ያልፋል፣ ፖለቲካውንም ያቀለዋል። ለእናንተ ግን መጀመሪያ የምመርጠው እሱን ነው።

ሦስተኛ፣ አማርኛ የምትሰማበት። «ሊቭ ኤንድ ቢካም»፣ የ2005 ፊልም፣ ዳይሬክተሩ ራዱ ሚሃይሌያኑ። ክርስቲያን እናቱ ከሱዳን መጠለያ ካምፕ ቤተ እስራኤል ነህ ብላ ወደ እስራኤል የላከችው ልጅ ታሪክ ነው። ሲያድግ ሳራ የምትባል ነጭ እስራኤላዊት ይወዳል፣ አባቷ ደግሞ ዓይኑን ማየት አይፈልግም። እዚህ ላይ ወንዱ ጥቁር ነው፣ ቅዱስም አይደለም፤ ይዋሻል፣ ይፈራል፣ ልጅቷን ለዓመታት ያስጠብቃታል። እሷ ናት ተከትላ የምትይዘው። ሁለት ሰዓት ከሃያ ገደማ ይፈጃል፣ መሐረብ ያስፈልጋል፤ ለባለቤትህ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን መክፈት እንዳትረሳ።